ውድ ላፕቶፕ ስንት ዓመት ሊያገለግል ይገባል?

የስምንት ወር ቁጠባዬን ከፍዬ የገዛሁት ላፕቶፕ ገና በአምስተኛ ዓመቱ ማጠፊያው ስለተሰነጠቀ፣ ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለ የጥገና ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው የታችኛውን ሽፋን ፈትቶ ሲያሳየኝ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል፤ ባትሪውም አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ከሥር ይገፋዋል።

በባትሪው አላዘንኩም። የሊቲየም አዮን ባትሪ እንደ አሠራሩ ከ300 እስከ 1,000 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ግድም መውረዱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነውና፣ በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ መቀየሩን እንደ ብልሽት አልቆጥረውም። የሚያሳዝነኝ የቀረው አካል ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ፣ በእኔ እምነት፣ ቢያንስ ስምንት ዓመት ሊያገለግል ይገባዋል። ሜሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ 8 ጊጋባይቱን ወደ 16 ማሳደግ አይቻልም፤ ይህም ገና ሲሠራ የዕድሜው ጣሪያ ተወስኖለት ነበር ማለት ነው። ሶፍትዌሩም ድርሻ አለው፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሲያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የኮምፒውተር ደህንነት መጠበቂያ ክፍል ስለሚጠይቅ፣ አካላቸው ደህና የሆነ ብዙ ኮምፒውተሮች ያለ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ቀርተዋል።

ባትሪው ተቀይሮ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ማጠፊያውም በብሎን ታስሮ፣ ይህን የጻፍኩት በዚያው ላፕቶፕ ነው።