የሽቦ ክሯ ዕዳ፦ ፔጆ 404 ላይ ቤንዚን ለመቀነስ የሠራሁትና ያበላሸሁት

ጂግለር (ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን በቀዳዳዋ የምትለካው ቁራጭ) ውስጥ የሽቦ ክር አታስገቡ። ሌላውን ባታነቡ እንኳ ይችን ያዙልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሚመክር መካኒክ እንጂ የሚከለክል አላገኘሁም።

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት፣ ሐረር ፈረስ መጋላ ተሰልፈው የምናያቸው ዓይነት። ሞተሯ የራሷ 1,618 ሲሲ ነው፤ የቀረው የተለቃቀመ ነው። ካርቡራተሩ በብረት ማገናኛ የተገጠመ የቶዮታ 12 አር ነው፤ የዚያ ሞተር 1,587 ሲሲ ስለሆነ መጠኑ ይቀራረባል። ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው) ውስጡ ተፈልቅቆ ባዶ የቀረ፣ የአየር ፊልትሮው ኮፈን ሥር ራቁቱን የተሰካ የስፖርት ስፖንጅ፣ ጎማዎቹ በ165 ፈንታ 185 በ15፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ፖርቶመጋላ። በ100 ኪሎ ሜትር 14.6 ሊትር ትጠጣ ነበር፤ አሁን 11.1 ላይ ቆማለች። ከዚህ ቅናሽ ውስጥ ጂግለሩ ያመጣው ከሁሉም ያነሰውን ነው፤ ያስከፈለኝ ግን ከሁሉም የበለጠውን።

መጀመሪያ ልኬቱ። ጎማ ሲተልቅ ቆጣሪው ይዋሻል። ጎማው ላይ በጠመኔ አስምሩ፣ መኪናዋን አንድ ዙር ግፉና መሬቱን በሜትር ለኩ። የእኔዋ ከቀድሞው ጎማ በ4 ከመቶ ገደማ ትበልጣለች፤ ቆጣሪው 100 ሲል 104 ሄዳለች ማለት ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ጎማ በቀየረ ማግስት «ቤንዚን በዛብኝ» ብሎ ካርቡራተር መነካካት ይጀምራል። ማደያ በጀሪካን ስለማይቀዳ፣ በጀሪካን ለክቶ መሙላት የሚለውን ምክር እርሱት። ታንከሩን ሞልቶ፣ ድሬዳዋ ሐረር ሁለቴ ደርሶ መልስ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ እዚያው ማደያ፣ በዚያው ቱቦ፣ በጠዋት መልሶ መሙላት ነው። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ እጅ ያህል ያብጣል፤ አንዱን በጠዋት ሌላውን በቀትር ከሞላችሁ ከግማሽ ሊትር በላይ ሊያሳስታችሁ ይችላል። መሄጃውን ብቻ ወይም መመለሻውን ብቻ መለካትም ዋጋ የለውም፤ አንዱ አቀበት ነው፣ ሌላው ቁልቁለት።

ገንዘብ የማይጠይቁትን በአንድ ቀን ጨረስኩ። ፖርቶመጋላውን አወረድኩ። የጎማ ነፋስ አስተካከልኩ። አራቱንም እግር በክሪክ አንስቼ በእጅ አሽከረከርኩ፤ የኋላ ቀኙ ፍሬን ይዞ ነበር፣ ፈታሁት። ስፒንትሮጄኖው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ላይ ካርቡራተሩ የተቀየረ ጊዜ በቡሎን የተደፈነውን የቫኩም ቱቦ መልሼ አገናኘሁ፤ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይህ ብቻውን ይሰማል። የፑንቲናውን (ስፒንትሮጄኖው ውስጥ ያለውን የእሳት መቆራረጫ) ክፍተት 0.40፣ የካንዴላውን 0.60 ሚሊ ሜትር አደረግሁ። ስፖርት ፊልትሮውን ጥዬ ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚስበውን ቆርቆሮ መለስኩ። ኮፈን ሥር ያለ የድሬ አየር ምድጃ ነው፣ ያ ስፖንጅ ደግሞ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አያስቀርም።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው) ላይ ከሁሉም መካኒክ ጋር ተጣልቻለሁ። «አቦ፣ በድሬ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ይሠራል?» ይሉና አውጥተው ይጥሉታል። ይሠራል እንጂ! እሱ ከሌለ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፤ ሐረማያ ላይማ በጠዋት ጭራሽ አይደርስም። ባልሞቀ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይት ውስጥ ይወርዳል። ቴርሞስታት ያለው ሞተር ከፈላ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ነው፤ ራዲያተሩ ይታጠብ። 82 ዲግሪ የሚለውን ገጠምኩ፣ አልፈላችም።

ቬንትሌተሩም (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እንዲሁ። ፔጆ 404 ላይ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚይዝና የሚለቅ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲበርድ ይለቃል። የሙቀት ስዊቹ ሲበላሽ ሰው ሁልጊዜ እንዲዞር አድርጎ ያስረዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ማራገቢያ ሲያዞር ይውላል። ካርቦኑንና ስዊቹን ቀይሬ ወደ ቦታው መለስኩት። እዚህ ድረስ 14.6 ወደ 11.8 ወርዶ ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

አሁን ጂግለሩ። ሐሳቡ ራሱ ስህተት አልነበረም። ካርቡራተር ከፋብሪካ ሲወጣ ለባሕር ወለል አየር ነው የሚለካው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ድሬዳዋ ላይ በ1,200 ሜትር ገደማ 6 ከመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ በ1,880 ሜትር ገደማ 9 ከመቶ ያህል ይወፍራል። እኔ የማሽከረክረው በሁለቱ መካከል ነውና ለድሬዳዋ 6 ከመቶ መቀነስ በቂም አደጋ የሌለውም ነበር። የጂግለር ፍሰት በስፋቱ ስለሆነ የሚለካው፣ 6 ከመቶ ፍሰት ለመቀነስ የቀዳዳውን ዲያሜትር 3 ከመቶ ብቻ ማጥበብ ይበቃል። 110 የተጻፈበት (1.10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው) 107 ይሆናል። ያ ብቻ ነበር።

107 ድሬ አልተገኘም። መካኒኩ «ከሽቦ አንድ ክር እናስገባበት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። የመብራት ሽቦ ላጠና አንዷን ክር መዘዘ። እኔም አልለካኋትም። በኋላ ስለካት 0.4 ሚሊ ሜትር ነበረች። ቁጥሩን ሥሩት፦ 1.10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ 0.4 የሆነ ክር ሲገባ ከስፋቱ 13 ከመቶ ይወስዳል። የሚያስፈልገኝ 6 ነበር። ካልኩሌተር ስልኬ ውስጥ ነበር፤ በመካኒኩ መናደድ የማልችለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ሦስት ነገር ተደረበ፣ ሦስቱም ከለውጦቹ የመጡ። አንደኛ፣ ካርቡራተሩ ሲገጠም የቤንዚን መፍቻው ሽቦ (ከፔዳሉ የሚመጣው) እንዲመች ተብሎ ሳህኑ (ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ክፍል) ወደ ኋላ ዞሯል። ሳህን ወደ ፊት ነው መዞር ያለበት። አቀበት ላይ አፍንጫዋ ስትነሳ ወደ ኋላ የዞረ ሳህን ከጂግለሩ ዝቅ ይላል፤ በ8 ከመቶ አቀበት፣ በ40 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ የቤንዚኑ ወለል 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ማለትም ብዙ ቤንዚን በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ «እንዲፈጥን» ስፒንትሮጄኖውን ከምልክቱ 5 ዲግሪ ያህል አስቀድሜው ነበር። ሦስተኛ፣ ማርሚታው። ድብልቅ ሲሳሳና እሳቱ ሲቀድም ሞተር ብረት በብረት እንደሚመታ ያንኳኳል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ማርሚታ ባለበት መኪና ውስጥ ይህን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ የለም።

የመጀመሪያው ልኬት 10.4 አወጣ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። ካንዴላ ፈትቼ ሳይ ጫፉ ነጭ ነበር፣ እንደ ኖራ። ቡና ዓይነት መሆን እንዳለበት እያወቅሁ «ንጹሕ ሆነ» ብዬ መለስኩት። በዚያው ሰሞን ለቦሎ ምርመራ ቀረበች። መርማሪው በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) አስነስቶ ጭሱን አየና አሳለፋት፤ ኮፈኑን የከፈተውም የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ለማመሳከር ብቻ ነው። ሚኒሞ የራሱ ጂግለር አለው። በዋናው ጂግለር ውስጥ ሽቦ ይኑር ቡሽ ይኑር ሚኒሞ ላይ አይታይም። በቆመ መኪና ላይ ድብልቅን መርምሮ «ደህና ነው» ማለት ምን ትርጉም እንዳለው ዛሬም አልገባኝም። ምርመራ አልፏልና ደህና ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ አቀበት ላይ አራተኛው ሲሊንደር ሞተ። የመውጫ ባልቮላው (የተቃጠለውን ጭስ የሚያስወጣው) ጠርዝ ተቃጥሎ ነበር። ኮምፕሬሽን ሲለካ ሦስቱ 140 ገደማ፣ አራተኛው 50።

ባልቮላ መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይነሳል፣ መቀመጫው ይሞረዳል፣ አዲስ ባልቮላ ይገባል። ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት እዚህ ነው፤ ይኸኛውን ማንም አልመከረኝም፣ ራሴው ነኝ። የፔጆ 404 ሊነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ) ውሃ የሚነካው ዓይነት ነው። ብሎኩ ውስጥ የሚያቆመው ከሥሩ ያለች ቀጭን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ከላይ የሚጫነው ቴስታ ብቻ ነው። ቴስታው ሲነሳ የሚይዘው ነገር የለም። እኔ የፒስተኖቹን ራስ ካርቦን ለመፋቅ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ) በቁልፍ አዞርኩት። ፒስተኑ ሲወጣ ሊነሩን ይዞት ተነሳ፣ ሲወርድ ይዞት ወረደ። ዓይን ላይ ምንም አልታየም። ሥሩ ያለችው ጓርኒሲዮን ግን ተቀደደች።

ገጥሜ አስነሳሁ፣ ድምፁ አማረ፣ 40 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ የዘይት መለኪያው ላይ ወተት መሰለ። ውሃ ከታች ዘይት ውስጥ ገብቷል። እንደገና ቴስታው፣ ኮፓው፣ ቢየላው፣ አራቱም ሊነር ወጣ፣ አራት አዲስ የሥር ጓርኒሲዮን፣ አዲስ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይት። ለባልቮላው የከፈልኩት ከዚህ አጠገብ ሲቆም የሻይ ሒሳብ ነው።

መከላከያው ሁለት ቁራጭ ቧንቧና ሁለት ሰፊ ሮንዴላ ነው። ቴስታው እንደተነሳ፣ ምንም ሳይነካ፣ ቧንቧውን በቴስታው ቡሎን ላይ አጥልቃችሁ ሮንዴላው የሁለት ሊነር ከንፈር ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አጥብቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኮሎ ይዞራል። ስትመልሱ የሊነሮቹ ከንፈር ከብሎኩ ገጽ ለጥቂት ከፍ ብሎ አራቱም እኩል መሆኑን በቀጥ ያለ ብረት እዩ። ባልቮላ በቀዝቃዛ ሞተር መግቢያው 0.10፣ መውጫው 0.25። መካኒክ ሁሉ ድምፁን ለማጥፋት መውጫውን ያጠባል፤ እምቢ በሉ፣ የጠበበ መውጫ ባልቮላ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ይቃጠላል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የቴስታው ቡሎኖች እንደገና ይጥበቁና ባልቮላው እንደገና ይለካ።

ዲፈረንሲያሉን ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር፦ ውስጡ ነሐስ አለና «ቀጭን ዘይት ቤንዚን ይቀንሳል» ብለው ጂኤል-5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት እንዳይሞሉባችሁ፣ ነሐሱን ይበላዋል። ከደንገጎ በነፃ ማርሽ መውረድም ቤንዚን አይቆጥብም ማለት አልችልም፣ ይቆጥባል፤ ግን እስከ ድሬ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ፍሬኑ ደግሞ ሥር ሳይደርስ ይግላል።

ጂግለሩ እንዲህ ተፈታ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ 105 ተገኘ፣ ከሰዓት ጠጋኝ በተዋስኩት ቀጭን ሾጣጣ ሞረድ በጥቂቱ አሰፋሁት። የካርቡራተሩን ሳህን ወደ ፊት አዞርኩ፣ የቤንዚን መፍቻውን ሽቦ አስረዝሜ በሌላ ጎን አሳለፍኩት። ስፒንትሮጄኖው ወደ ምልክቱ ተመለሰ። ማርሚታው ውስጡ ሙሉ በሆነ ተቀየረ፤ ጎረቤት አመሰገነኝ፣ እኔ ግን የፈለግሁት ሞተሩን መስማት ነበር።

ስፋቱን የለካሁት በውሃ ነው። ጂግለሩን ላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ፣ ቱቦውን ውሃ ያለበት ሃይላንድ ሥር አስሩ፤ ቁመቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ እኩል ውሃ እስኪወርድ በሰዓት ያዙ። የድሮው 110 ባዶውን 60 ሰከንድ ከወሰደ፣ ትክክለኛው ከ63 እስከ 64 መውሰድ አለበት። የእኔው 63 ላይ ሲደርስ ሞረዱን አቆምኩ። ያችን ክር መልሼ 110 ውስጥ ከትቼ ለካኋት፦ 76 ሰከንድ፤ በስፋት ሒሳብ ብቻ ከሚወጣው 69 እንኳ የባሰ።