መዋጮው ከመጨመሩ በፊት ይጠይቁን

የጤና መድን መዋጮ ሲጨምር ለምን እንደጨመረ የሚያስረዳን ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ጠፍቶ የኖረው ከመጨመሩ በፊት «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» የሚለን ነው። ከሰሞኑ የቀበሌ ስብሰባ ወዲህ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩን በሩቁ ለምትሰሙት ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አክስቴ ሐይቅ ስለምትኖር እኛ ቤት ወሬው ቶሎ ደረሰ፤ «ደብተርሽን ይዘሽ ሄደሽ ሳትከፍይ ትታከሚያለሽ» ስትላት እናቴ አላመነችም ነበር። አሁን እሷም አባል ናት። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ እንዳለ ነው፤ የታመመውን ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይቻልም፣ ምክንያቱም በሽተኛ ብቻ ከገባበት ገንዘቡ ዓመቱን አይደርስም። ገበሬው እህሉን ሲሰበስብ ይከፍላል፣ ደብተሩ ይታደስለታል፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ካርድ ክፍል አሳይቶ ይታከማል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይሄዳል።

እኔ በዚህ መድን አምናለሁ። በሬ ሽጦ መታከም ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። በሬውን የሸጠ ሰው ለክረምቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ በልግ ላይ ይበደራል፣ ከዚያ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። አስተማሪ ስለሆንኩ የመጨረሻውን ከስም መጥሪያዬ ላይ ነው የማየው። ስለዚህ መድኑን የሚነቅፍ ሰው ሲገጥመኝ ሁሌም እከራከራለሁ። ግን መድኑን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ ስለ መድኑ የምንጠየቅበት መንገድ ሌላ።

ስብሰባው ላይ የእናቴ ወኪል ሆኜ ገባሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መቀመጥ አትችልም። ከወረዳ የመጡት ባለሙያዎች ትሁት ሰዎች ናቸው፣ ማብራሪያቸውም ጥሩ ነበር፤ የመድኃኒት ዋጋ መናሩን፣ ለሆስፒታል የሚከፈለው መብዛቱን፣ መዋጮው ካልጨመረ መድኑ እንደማይቆም ነገሩን። ያሉትን አምኛቸዋለሁ። ነገር ግን አዲሱ መዋጮ ተወስኖ ነው የመጣው። እኛ የተሰበሰብነው ልንሰማ ነው።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። አንዲት እናት ከወደ ኋላ ተነሡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ተጣጥፈው የቆዩ የመድኃኒት ማዘዣዎች አወጡ። የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ያዝላቸዋል፣ መድኃኒት ክፍሉ «ይሄ የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ይላቸዋል፣ ከውጭ ሲጠይቁ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ይሆናል። አንዱን ማዘዣ ከፍ አድርገው ያዙና «ደብተሩ አለኝ፣ መድኃኒቱ የለኝም። የከፈልኩት ለደብተሩ ነው?» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ብዙ ሰው ቤት ያለ ጉዳይ ነዋ። መድረክ ላይ ያሉት ጻፉ፣ «እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ያቺ ወረቀት የት እንደምትደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጤና ጣቢያው ነው የሚመልሳት? ወረዳው? ክልሉ? ወይስ አዲስ አበባ ያለው መድኃኒት አቅራቢ? አንድ ጤና ጣቢያ የሚጎድለውን መድኃኒት ብቻውን ማምጣት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት የውጭ ምንዛሬ ይፈልጋል፣ ምንዛሬው ሲያጥር እጥረቱ እኛ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። ይህንኑ እንኳ ቢሆን የሚነግራቸው ሰው መኖር ነበረበት። የሰውን ጥያቄ ወስዶ መልስ ይዞ አለመመለስ ሰውን ያርቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እኚያ እናት ይመጣሉ ብዬ አልጠብቅም፣ ብቀርም አይፈረድብኝም ቢሉ እውነታቸውን ነው።

በዚያው ቀን ግን ሌላ ነገርም አየሁ። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል፤ ማን ይሁን የሚለውን የሚለየው ደግሞ ቀበሌው ነው። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ ሲያንቀላፋ የነበረው ሁሉ ነቃ። «እሱማ ላሞች አሉት» ተባለ። «የእገሌ ሚስት ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀን ሥራ ላይ ናት፣ ዛሬም እዚያው ናት፣ እሷን የረሳችሁት ስላልመጣች ነው» አለች አንዷ ጎረቤቷ። ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት፣ ይሄ ደግሞ ፊት ለፊት የሚባል ነገር አይደለም፤ ቅያሜ አለው። ጭቅጭቁ ሲከር በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ አንድ አባት ራሳቸው ተነሡ። «ልጄ ከዐረብ አገር መላክ ጀምራለች። እኔን አውጡኝና የሟቹን ሚስት አስገቡ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እንባዬ መጣ።

ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል የሚሉትን ሰዎች ያን ሰዓት እዚያ ባገኛቸው ደስ ባለኝ። በየመድረኩ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይባላል። ያ አዳራሽ ግን እውነተኛ መረጃና እውነተኛ የመወሰን ሥልጣን ሲሰጠው፣ ከቢሮ የተዘጋጀውን ዝርዝር አርሞ የተሻለ አደረገው። ለምን ይሄን ዕድል በዚህች አንዲት ጉዳይ ብቻ እንሰጠዋለን?

ዕድር ቢሆን ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ወጣ፣ ይሄ ቀረ ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል። ያላሳመነው ይጠይቃል፣ መዋጮ ይጨመር የሚለውም የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም የተማረ ነው ያልተማረ ነው አይልም። በጤና መድንም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ነገሩ እንደዚያ ነው፤ ከየቀበሌው ተወካይ ይመረጣል፣ የወረዳው ጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰባል፣ ሪፖርት ይቀርብለታል። እኛ ቀበሌ ግን ተወካዩ ከጉባኤው ተመልሶ የሰማውን ሲነግረን አላየሁም። ጉባኤው ያለው ለመዋጮው ማጽደቂያ ብቻ ከሆነ ደክመውበታል እንጂ አልተጠቀሙበትም።

ጤና ጣቢያ ላይ የማኅበረሰብ ስኮር ካርድ የሚሉት አሠራር አለ። ነዋሪዎች ተሰብስበው ጤና ጣቢያውን በነጥብ ይመዝኑታል፤ አክብሮትና ርኅራኄ፣ የወረፋ ጊዜ፣ መድኃኒትና ምርመራ፣ ንጽሕና፣ አምቡላንስ፣ ሕንፃና ውሃ መብራት። ይሄን እወደዋለሁ። የእኛው ጤና ጣቢያ በወረፋ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ ኃላፊው ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች የተለየ መስኮት ከፈተ፣ ዛሬም አለ። በመድኃኒት ግን በየዙሩ ዝቅተኛ ነጥብ እንሰጣለን፣ በየዙሩም እዚያው ነው። ምክንያቱም በመስኮቱ ላይ የሚወስነው ሰው ስብሰባው ላይ ነበር፣ በመድኃኒቱ ላይ የሚወስነው አልነበረም። እኔ የታየኝ ችግር ይሄ ነው፤ የምንጠየቀው እታች ነው፣ የሚወሰነው እላይ፣ በመካከል መሰላል የለም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ብንሆን ያው ነን። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የታሰበው ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ ስለሱ ማውራት የጀመርነው ከታወጀ በኋላ፣ ሊቆረጥ ነው ሲባል ነው። ያኔ ሁሉም «የት ልታከምበት ነው?» አለ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ከአዋጁ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ። ሊጀመር ነው እየተባለ ለዓመታት የተጓተተበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ይመስለኛል።

ታይላንድን አነሣለሁ፣ ሀብታም ስለሆነች አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕገ መንግሥታቸው 50,000 ዜጎች ከፈረሙ የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ማቅረብ ይችሉ ነበር። የሲቪክ ማኅበራት ተነሥተው ለሁሉም ሰው የጤና መድን ይኑር ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ሕጉ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ መድኑን በሚመራው ቦርድ ውስጥም ለሲቪክ ማኅበራት 5 ወንበር አለ። ሰው መብቱ ሲጓደል የሚደውልበት 1330 የሚባል ስልክ አላቸው። ሐኪም የማያውቀው፣ ባለሥልጣን የማያየው ነገር በዚያ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ይሄ ለእኛ የሚከብድ አይመስለኝም፣ ዕድርና ዕቁብ ስንመራ የኖርን ሕዝብ ነን።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የቀበሌያችንን ተወካይ ጠርተን ቡና ላይ አነጋገርነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ጉባኤ ላይ ምን እንደሚጠይቅ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ወረቀት ላይ ጻፍንለት፦ ባለፈው ዓመት ከወረዳው ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ስንቱ ለሆስፒታል ስንቱ ለጤና ጣቢያ ተከፈለ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች ከመደርደሪያ ጠፉ፣ አባላት ከውጭ ለገዙት ምን ይደረግላቸዋል። መልሱ ጽሑፍ ሆኖ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንዲለጠፍም ጨመርንበት። እሱም አነበበው፣ ያልገባውን ጠየቀ፣ ኪሱ ከተተው። ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ ነው።