ጆ የተንበረከከላት ማርያምና የእኛ ቤት ግድግዳ

ቤዝመንታችን ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ሰብስቤ ስለ ባርነት የተሠራውን የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ፊልም ሁለት ጊዜ አሳይቻለሁ። የመጀመሪያው ከሸፈ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አከፋፋይ አጥቶ ኃይሌና ባለቤቱ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት መዞራቸውን፣ የባርነትን ታሪክ፣ የቤተ ክርስቲያንና የቅኝ ገዢን ዝምድና፣ ሁሉንም አርባ ደቂቃ ተነተንኩ። ከዚያ የሁለት ሰዓት ፊልም። ሲያልቅ «እሺ፣ ምን ተሰማችሁ?» አልኩ። ጸጥ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ያሳዝናል» ብሎ ጃኬቱን ለበሰ።

በወሩ ትንተናውን ተውኩት፤ ጆ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ያለባቸውን ክፍሎች ብቻ መረጥኩ። ጆ፣ ኑኑ የምትባል ባሪያ በባሪያ መርከብ ላይ ተደፍራ የወለደችው ልጅ ነው፤ አድጎ የባሪያዎች አለቃ ሆኗል። ካቶሊኩ ቄስ እናቱን እንደ አረማዊ እንዲያያት አድርጎታል። ነጭ ሆና በተሳለች ማርያም ፊት ይንበረከካል፤ የወለደችውን ግን ይጸየፋል፣ በመጨረሻም በገዛ እጁ ይገድላታል። ሥዕሏ ፊት እንደተንበረከከ ፊልሙን አቆምኩና «ምን ታያላችሁ?» ብቻ አልኩ።

አንዲት እናት ስክሪኑን አልነበረም የሚያዩት። ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀልነውን፣ ከሀበሻ ሱቅ የተሰጠንን፣ የማርያም ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ነው።

«ልጄ፣ የእኛዋም እኮ ዓይኗ ሰማያዊ ነው።»

ሁሉም ዞረ። አንድ ወጣት ዲያቆን «እማማ፣ ክብሩ እኮ ለሥዕሉ ባለቤት ነው» አላቸው።

«እሱስ ልክ ነህ አባቴ። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ የምትመጣልኝ ይቺው ናት።»

የእኔ አርባ ደቂቃ ያልነካውን ነገር እኚህ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። (ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ እዚያው ጎንደር ባለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሳሉት መላእክት በትልልቅ ጥቁር ዓይን ነው ቁልቁል የሚያዩት። ያን ሌሊት ያን ጣሪያ ሳስብ አደርኩ።) ወሬው ወደ ፖለቲካ ሲሻገር እንኳ አልገፋሁትም፤ ከኋላ አንዱ «ታዲያ የእኛ ሰው የተናገረውን ፈረንጅ ሲደግመው ነው የምናምነው፣ ይሄስ ከምን መጣ?» አለና እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቁ።

አሁን ረጅም መግቢያ አልሰጥም። አንድ ትዕይንት አቆማለሁ፣ ዝምታው ሲከብደኝም እጄን ይዤ እጠብቃለሁ። ይሄኛው እስካሁን ያስቸግረኛል።

ባለቤቴ የቀን መቁጠሪያውን ላውርደው ብትል እንቢ አልኳት። ገና ጳጉሜ አልገባም።