የበር ተራ፦ የአገልግሎት ምደባን ከዜና መዋዕል እንዴት እንደ ተማርኩ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአገልጋዮች ምደባ ኃላፊነት ሲሰጠኝ ሥራው ስም በወረቀት ላይ መደልደል ብቻ ይመስለኝ ነበር። 36 አገልጋዮች ነበሩን፤ የሚዘምሩት፣ ሕፃናትን የሚያስተምሩት፣ በበር ቆመው ምእመናንን የሚቀበሉትና ሥርዓት የሚያስከብሩት ሁሉ የሚመሩት እኔ በማወጣው ዝርዝር ነበር። ሁሉም መዘምር መሆን ይወድዳል፤ ሥርዓት አስከባሪነት ግን አዲስ የመጣ፣ ወይም ድምፁ ለመዝሙር የማይሆን ሰው የሚላክበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። እኔም ልማዱን ሳልመረምር ተቀብዬ፣ ጎበዝ የምላቸውን ለመዝሙር አስቀርቼ የተረፉትን ወደ በር እሰድድ ነበር።

ስሕተቴ የታየኝ በአንድ የክረምት እሑድ ጠዋት ነው። አንድ መዘምር በመቅረቱ በሴቶች መግቢያ የቆመውን ወጣት ጠርቼ ወደ መዝሙር አስገባሁት፤ በቦታው ግን ማንንም አልተካሁም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስወጣ አንዲት እናት ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ፣ የሚያዳልጠውን የድንጋይ ደረጃ ብቻቸውን ለመውጣት ፈርተው ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸውን ይዤ ሳወጣቸው «ልጄ፣ ዛሬ በር ላይ የሚቆም ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ። በዚያው ሳምንት፣ ስም ብቻ የተደረደረበት እየመሰለኝ ሁልጊዜ የምዘልለውን የመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊን ከምዕራፍ 23 እስከ 26 ያለውን ክፍል ደብተር ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቁጥሮቹን ማውጣት ነበር። ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ከተለየው ከሌዊ ነገድ የሆኑትን፣ ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሌዋውያን ሲያስቆጥር 38,000 ሆኑ፤ ከእነዚህ 24,000ው የእግዚአብሔርን ቤት ሥራ እንዲመሩ፣ 6,000ው ሹማምንትና ዳኞች እንዲሆኑ፣ 4,000ው በረኞች፣ 4,000ው ደግሞ በዜማ ዕቃ የሚያመሰግኑ እንዲሆኑ ተመደቡ። የበረኞቹና የመዘምራኑ ቁጥር እኩል መሆኑን በጻፍኩት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ።

ቀጥሎ ዳዊት ይህን ሁሉ ለምን እንዳደረገ ፈለግሁ፤ መልሱም እዚያው ምዕራፍ 23 ቁጥር 26 ላይ ነበር። ሌዋውያን ከእንግዲህ ወዲህ ማደሪያውንና ዕቃውን መሸከም አያስፈልጋቸውም ይላል። በምድረ በዳ ሳሉ ሥራቸው ሸክም ነበር፤ ከሦስቱ የሌዊ ወገኖች ለጌድሶን ልጆች 2 ሠረገላ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ሠረገላ ሲሰጥ፣ የቀዓት ልጆች ግን ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ስለሚሸከሙ ምንም አልተሰጣቸውም። ቤተ መቅደሱ በአንድ ስፍራ ሊጸና ሲል ያ ሥራ አበቃ፤ ዳዊትም ሥራቸው ያለፈባቸውን ሰዎች አልተዋቸውም፣ አዲስ ድርሻ ሰጣቸው እንጂ።

የካህናቱ አከፋፈል ደግሞ በምዕራፍ 24 ይገኛል። ከአሮን ልጆች ከአልዓዛር ወገን 16፣ ከኢታምር ወገን 8፣ በጠቅላላው 24 ክፍል ሆነው ተራቸው በዕጣ ወጣ፤ ጸሐፊው ሸማያም በንጉሡ፣ በአለቆቹና በካህኑ በሳዶቅ ፊት ጻፈው። ስምንተኛው ዕጣ ለአብያ ደረሰ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ሲያጥን የተገኘው ከዚህ ክፍል ተራው ደርሶት ነው። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ሰሞነኛ ካህን ስንል የምናውቀው የተራ አገልግሎት ከዚህ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

ብዙ የቆየሁት ግን በምዕራፍ 26፣ በበረኞቹ ዘንድ ነው። በማኒላ ወረቀት ላይ የቤቱን አራት አቅጣጫ ሥዬ እንደ ተጻፈው ሰው አቆምኩባቸው፦ በምሥራቅ 6፣ በሰሜን 4፣ በደቡብ 4፣ በዕቃ ቤቱ ሁለት ሁለት፣ በምዕራብ በኩል በመንገዱ 4፣ ከዚያም ሌላ 2። የዕቃ ቤቱን እንደ 4 ስቆጥረው ድምሩ 24 መጣ። የሰሜን በር ዕጣ የወጣው ብልህ መካር ተብሎ ለተጠራው ለዘካርያስ ነው፤ መካር የሆነ ሰው በር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከበረኞቹ መካከል የቆሬ ወገኖችም አሉ። ቆሬ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሥቶ ክህነትን የፈለገ ሰው ነው፤ ልጆቹ ግን ከእርሱ ጋር አልጠፉም፣ ወገኖቹም የቤቱን ደጅ ጠበቁ። በእግዚአብሔር ቤት ደጅ መገኘትን ከሁሉ አብልጦ የሚመርጠው መዝሙር በቆሬ ልጆች ስም መጠራቱን ሳስታውስ፣ ወደ በር «የሰደድኳቸው» ልጆች ፊት በዓይኔ መጣብኝ።

ማኒላውን ይዤ አገልጋዮቹን ሰበሰብኩ፤ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፣ ያለፈውን አመዳደቤንም ይቅርታ ጠየቅኩበት። ከዚያ ሁሉንም ቦታ በዕጣ አወጣን። ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ሆነ። መዝሙር የመምራት ዕጣ የደረሰው ልጅ ዜማውን ጠንቅቆ ስላልያዘ በዐውደ ምሕረት መሐል ላይ ቀጥ አለ፤ እኔም ከእርሱ ይልቅ አፈርኩ። ተመልሼ ሳነብ ምዕራፍ 25 ስለ 288ቱ መዘምራን አስቀድሞ የተማሩና ብልሃተኞች እንደ ነበሩ ይናገራል፤ ታናሹም ታላቁም፣ መምህሩም ተማሪውም እኩል ዕጣ የተጣጣሉት ከዚያ በኋላ ነው። በዳዊት ዘመን ታቦቱ ሲመጣም ሌዋዊው ከናንያ ዜማውን የመራው ዐዋቂ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ለሥራው ብቁ የሚያደርገው ትምህርት ነው፤ ዕጣው የሚለየው ተራን ብቻ ነው። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ነበር።

አሁን በ4 ሰሞን ተከፍለን እያንዳንዱ ሰሞን 9 ሰው አለው፤ በየሰሞኑ ዜማ ያጠኑ፣ ለማስተማር የተዘጋጁ፣ ለበር የሠለጠኑ አሉ። መዘምራንም በር መጠበቅን ይማራሉ። ዝርዝሩ በኪሴ አይቀመጥም፤ በሁሉ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋልም። ተረካቢው ሳይመጣ ማንም ከበር አይነሣም። ይህንን የወሰድኩት ከካህኑ ከዮዳሄ ነው፤ በሰንበት የሚገቡትንም የሚወጡትንም ክፍሎች ይዞ ነበር እንጂ ተራቸውን የጨረሱትን አላሰናበተም። መተካካት ራሱ ክልክል አይደለም፤ በሕዝቅያስ ዘመን ካህናቱ ጥቂት ሆነው የሚቃጠለውን መሥዋዕት መግፈፍ ሲያቅታቸው ሌዋውያን ረድተዋቸዋል፤ ነገር ግን ሥራው እስኪፈጸምና ካህናቱ እስኪቀደሱ ድረስ ነበር። የእኔ ጥፋት በሩን ባዶ መተዌ ነው።

በረኞቻችን ትምህርት ሲሰጥ ውጭ ስለሚቆሙ ከጉባኤው ይቀሩ ነበር። ነህምያ ሌዋውያን ድርሻቸውን ባለማግኘታቸው ወደየእርሻቸው መሄዳቸውን ሲሰማ ሹማምንቱን ነው የገሠጸው፤ ስለዚህ በተራቸው ላመለጣቸው ትምህርት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰዓት መደብን። እኔም በየወሩ አንድ እሑድ በሴቶች መግቢያ እቆማለሁ።

ያልጨረስነው ጉዳይ የታላላቆቻችን ነው። በኦሪት ዘኍልቍ 8 ሌዋዊው 50 ዓመት ሲሞላው ከከባዱ ሥራ ያርፋል፤ ነገር ግን ከወንድሞቹ ጋር በጥበቃ ይረዳል ይላል። እኛ ዘንድ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ወንድሞችና እኅቶች ከዝርዝሩ ሲወጡ ከአጠገባችንም ይርቃሉ፤ ለእነርሱ በየሰሞኑ አንድ አንድ ቦታ እንዲኖር ያዘጋጀሁትን ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ።