ከ01 እስከ 56

በቻይና መታወቂያ ላይ ከስም ቀጥሎ፣ ከፆታው ጎን፣ ብሔረሰብ የሚጻፍበት ቦታ አለ። መዝጋቢው የሚሞላው ከመንግሥት የኮድ ሰንጠረዥ ነው፦ ሃን (የአገሪቱ አብላጫ ሕዝብ) 01፣ ሞንጎል 02፣ ሁዊ 03፣ ቲቤት 04፣ ኡይጉር 05 እያለ ይወርድና በ1979 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዕውቅና ባገኙት ጂኖዎች 56 ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ብሔረሰብ አልተጨመረም። ይህ ሰንጠረዥ እንዴት ተሠራ የሚለው ጥያቄ አይለቀኝም።

በ1953ቱ ቆጠራ ሰዎች ብሔረሰባቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ከ400 በላይ ስሞች ተመዘገቡ፤ ከ200 የሚበልጡት ከዩናን ክፍለ ሀገር ብቻ ነበሩ። ለብሔረሰቦች በብሔራዊው የሕዝብ ኮንግረስ ወንበር ሊሰጥ ታስቦ ስለነበር ይህን ሁሉ ስም ይዞ መቀጠል አልተቻለም። በ1954 በሊን ያኦኋ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ዩናን ገባ፤ የተሰጠው ጊዜ የወራት ብቻ ነበር።

መመሪያው የስታሊን አራት መስፈርቶች ነበሩ፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መሬት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወትና የጋራ ሥነ ልቦና። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ያነበበ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል። ዩናን ላይ ግን መሬቱም ኢኮኖሚውም አልለይ አለ፤ በአንድ ተራራ ላይ አንዱ ሕዝብ ከሸለቆው ሩዝ ያመርታል፣ ሌላው ከወገቡ፣ ሦስተኛው ከአናቱ ይኖራል፣ ገበያቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ቋንቋ ላይ ወደቀ። ቃላት እየለቀሙ አነጻጸሩ፤ የተቀራረበውን አንድ ላይ ጠቀለሉት። መነሻ የሆናቸውም ዴቪስ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በ1909 ያሳተመው የቋንቋ ምደባ ነው።

ጉዳቱ የታየው ቋንቋቸው ከጎረቤት የሚቀራረብ፣ አኗኗራቸው ግን የተለየ ሕዝቦች ላይ ነው። የሉጉ ሐይቅ ሞሱዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ ወንዱ ማታ ወደ ወዳጁ ቤት ሄዶ ጠዋት ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ ልጆቹም በእናታቸው ቤት ከአጎቶቻቸው ጋር ያድጋሉ። ምደባው ግን በዩናን በኩል ያሉትን በአባት ዘር ከሚቆጥሩት ከናሺዎች ጋር ደመራቸው። በሲቹዋን በኩል ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ በአብዛኛው ሞንጎል ተብለው ተመዘገቡ። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ኮድ! ይህን እንደ ቀላል የመዝገብ ስህተት ማለፍ አይሆንልኝም።

የጉይጆ ክፍለ ሀገር ቹዋንቺንጎች ዕጣ ከዚህም ይከብዳል። በ1950ዎቹ አንትሮፖሎጂስቱ ፌይ ሺያኦቶንግ ያሉበት ጥናት ከመሀል አገር መጥተው የሰፈሩ ሃኖች ናቸው ብሎ ደመደመ። እነሱ አልተቀበሉትም። ዛሬ ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች ነው፤ መታወቂያቸው ላይ ቹዋንቺንግ ተብሎ ቢጻፍም ከ56ቱ ውስጥ የሉም። ምርጫው 56 ብቻ የሆነ ቅጽ ሲያጋጥማቸው ራሳቸውን የሚያገኙበት መስመር የለም።

ሰውም በበኩሉ ከኮድ ኮድ ይዛወራል። በ1982 ማንቹዎች 4.3 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ1990 ወደ 9.8 ሚሊዮን ደረሱ። በወሊድ ይህን ያህል አይጨመርም። ለአናሳ ብሔረሰቦች በልጆች ቁጥር ገደብ ላይ ይደረግ የነበረው ማላላትና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተጨማሪ ነጥብ እንደሳባቸው አይካድም፤ ሁሉንም ጥቅም ፈላጊ ማለት ግን በደል ነው። በ1911 ማንቹዎች የመሠረቱት የቺንግ ሥርወ መንግሥት ሲናጋ ብዙ ማንቹዎች ከግድያና ከመገለል ለመዳን ማንነታቸውን ደብቀው ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው የተመለሱት ወደ ራሳቸው ስም ነው።

በሩ አሁን ጠብቧል። ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ልጅ የሚመዘገበው በአባቱ ወይም በእናቱ ብሔረሰብ ነው። ወላጆች ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው በፍቺ፣ በዳግም ጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ ምክንያት አንድ ጊዜ ማስቀየር ይችላሉ፤ ልጁ ራሱ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ባሉት ሁለት ዓመታት አንድ ጊዜ። ማመልከቻው ከወረዳው የብሔረሰቦች ጉዳይ ቢሮ ወደ በላይ አካል ሄዶ ይጸድቃል፤ መዝገቡን የሚለውጠው ፖሊስ ነው። 20 ዓመት ካለፈ ጥያቄው አይስተናገድም። እናቱ ቲቤት፣ አባቱ ሁዊ የሆነ ወጣትም ሁለቱንም ልጻፍ ቢል የሚጽፍለት የለም።