እታለም የወለወለችው አጋዘን

ዛሬ ማታ ኮዬ ፈጬ ውኃ የለም፤ መብራት ግን አለ። የሳሎኑን አምፖል አጥፍቼ፣ የልጄን የጥናት መብራት ጠረጴዛው ላይ አቅርቤ፣ የአባባን ሳንቲሞች አንድ በአንድ ከሥሩ እያዘነበልኩ ሳይ አመሸሁ። ሳምንቱን ሙሉ የከረምኩት በዚሁ ነው። ከተዝካሩ በኋላ እኔና እታለም ያለውን እኩል እንካፈል ተባብለናል። ቁም ሳጥኑና ሬዲዮኑ አላስቸገሩንም። ያስቸገረን አባባ ከልብሳቸው ሥር በካኪ ፖስታ ያኖሩት ነገር ነው።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ነበር። አንደኛው ፲፱፻፷፱ የሚል የተጻፈባቸው፣ ከአንድ ሳንቲም እስከ ሃምሳ ሳንቲም አምስቱም የተሟሉበት የፕሩፍ ስብስብ ነው። ሁለተኛው በ1970 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ትልልቅ የብር ሳንቲሞች፦ ባለ 10 ብሩ ጢማሙ ጆፌ አሞራ ያለበት፣ ባለ 25 ብሩ ደግሞ የደጋ አጋዘን ያለበት። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ተብለው በብዙ አገሮች ስም ከወጡት ሳንቲሞች የኛ አገር ድርሻ ናቸው።

"ፕሩፍ" ማለት በጣም ንጹሕ ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ማተሚያው ቅርጽ እንደ መስተዋት ይወለወላል፤ የሚታተምበት ክብ ብረትም እንዲሁ። ከዚያ በዝግታ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ሜዳው ፊትህን የሚያሳይ መስተዋት ይሆናል፤ ምስሉ ግን ነጣ ብሎ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የመታው የሱሉልታ ሣር መስሎ ይቀራል። ማተሚያው ብዙ በመታ ቁጥር ያ ውርጭ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያ የተመቱት ይበልጥ ይፈለጋሉ። ኪስ ውስጥ ገብቶ የተፋተገ ፕሩፍ እንኳ ፕሩፍነቱን አያጣም። የሚያጣው ዋጋውን ነው።

አምስቱን ትንንሾች ሳይ ልቤ ይሞላል። አንድ ሳንቲሙ ላይ በሁለት በሬ የሚያርሰው ገበሬ፣ አሥር ሳንቲሙ ላይ ያው የደጋ አጋዘን፣ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡት ወንድና ሴት። በልጅነቴ ዳቦ የምገዛባቸው፣ ፊታቸው ሟልጦ የማውቃቸው ናቸው። የበሬዎቹን ቀንድ እንዲህ ጥርት ብሎ ያየሁት ገና አሁን ነው። ብረታቸው አሉሚኒየም፣ ናስ፣ መዳብና ኒኬል ስለሆነ ቢቀልጡ ምንም አያወጡም። ያላቸው ሀብት ይህ ፊታቸው ብቻ ነው።

ሁለቱን ትልልቆች ግን ባለፈው ሳምንት መርካቶ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ትሑት ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጣቸው አሞራው 28 ግራም ከትንሽ፣ አጋዘኑ 35 ግራም ገደማ መዘኑ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የእነዚህ ሳንቲሞች ተራው ዓይነት 25.31 እና 31.65 ግራም ሲሆን፣ ፕሩፉ 28.28 እና 35 ግራም ነው። ሚዛኑ ከዓይኔ በፊት መሰከረልኝ። ከመቶ 92.5 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ አሞራው 26 ግራም ያህል፣ አጋዘኑ ከ32 ግራም በላይ ጥሩ ብር አለባቸው። ሰውየው ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ ነገረኝ። ከዚያ "ለማረጋገጥ ያህል" ብሎ አሞራውን አነሣና ጠርዙን ወደ ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ አስጠጋው። እጁን ያዝኩት። ተገረመ። አልፈርድበትም፤ ለእሱ ብር የሚቀልጥ ነገር ነው፣ ድንጋዩም የዘወትር ሥራው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያቴ በድሪዋ መሐል የምታንጠለጥለው ጠገራ፣ የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ብር፣ ነበራት። የጥንት ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል የማርያ ትሬዛ የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ እንቁዎች ቆጥሮ ነው ይባላል። እንቁዎቹ ከታዩ ይበቃል፤ መፋቅም መቧጨርም ነውር አልነበረም። የኛ ቤት ዓይን የለመደው ያንን ነው። ስለዚህም ነው በእታለም መፍረድ ያቃተኝ።

ለተዝካሩ እንግዳ ሲመጣ፣ የአባባ ነገር ጠቁሮ እንዳይታይ ብላ፣ አጋዘኑን በጥርስ ሳሙና አሽታ አጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። ያበራል። በቀን ብርሃን ያየው ሁሉ ከሁለቱ የሚመርጠው እሱን ነው። በአንድ መብራት ሥር ግን ቀስ ብዬ ሳዘነብለው፣ መስተዋቱ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች በክብ በክብ ብቅ ይላሉ፣ እንደገና ይጠፋሉ። የአጋዘኑ ጀርባ ላይ የነበረው ውርጭም ሄዷል። ይህ አይመለስም። አሞራው በአንጻሩ ጉም ለብሷል፤ አባባ ባኖሩበት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ደብዝዟል። ከጉሙ ሥር ግን አንድም ጭረት አላገኘሁበትም። እንዲህ ያለውን የፕላስቲክ ቅሪት ንጹሕ አሴቶን፣ ሳይፈተግ፣ ብሩን ሳይነካ ሊያነሣው ይችላል። እኔ ግን አልሞከርኩም፤ የሚያውቅ ሰው ሳያየው እጄን አላስገባም።

ዛሬ ከሰዓት እታለም መጣች። ብደብቃት ክፍፍላችን ውሸት ይሆናል ብዬ መጋረጃውን ዘግቼ መብራቱን አበራሁላት። ሳንቲሙን ጠርዙን ይዛ እንድታዘነብለው አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየች።

"እኔ እኮ ለእንግዳ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ እታለም። እኔም ብሆን አደርገው ነበር።"

እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ሳሙናውን የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወደ አሞራው ጠቆመች። "ይኼስ? እንዲህ ደብዝዞ ይቅር?"

"ይቅር።"

አሞራውን አንቺ ውሰጂ አልኳት፤ ታላቄ ነሽ፣ አባባን ያስታመምሽም አንቺ ነሽ አልኳት። እምቢ አለች። "የወለወልኩትንማ እኔ ነኝ የምወስደው" ብላ አጋዘኑን በመሐረብ ልትጠቀልል ስትል መሐረቡን ቀስ ብዬ ተቀበልኳት። ሳንወስን ወደ ማታ ታክሲዋን ይዛ ሄደች።

ሁለቱም ዛሬ እኔ ጋ አድረዋል። አጋዘኑን ከአሞራው አራርቄ፣ እንዳይነካኩ፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝቻቸዋለሁ። ነገ ከሥራ መልስ ጠንካራና ለስላሳ ያልሆነ ፕላስቲክ ማስቀመጫ እፈልጋለሁ፤ ሁለት።