ከጦሳ ሥር ወደ ዓባይ ማዶ

ባሕር ዳር ከገባሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዕቃው ግን ግማሹ አሁንም ካርቶን ውስጥ ነው።

ከደሴ በኢሱዙ ጭነን፣ በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር ዞረን ወረታ ስንደርስ ሜዳው ዝርግት ሲል፣ እኔ የጦሳ ሥር ልጅ ዓይኔ የሚያርፍበት ተራራ አጣ። ደሴ እኮ ቤትህ ለመግባት ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። እዚህ ሰዉ በብስክሌት ሽው ይላል። እኔ ደግሞ ብስክሌት አልችልም (ያን ዳገት ማን በብስክሌት ይወጣል?)።

ሙቀቱን አትጠይቁኝ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኖሬ 1,800 ላይ ስወርድ፣ ማታ አንሶላው ራሱ ከበደኝ። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ተሸክሜ መምጣቴ! ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ፣ እንኳን ደህና መጣህ እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ አጎበር ይዘሃል?» አሉኝ። አልያዝኩም። የመጀመሪያዋን ሌሊት ቢንቢ ሳሳድድ አነጋሁ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አዲሱን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። 380 ሜትር ነው። መሃል ላይ ቆሜ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ አየሁት። ድምፅ የለውም፣ ጢስ ዓባይ ላይ የሚያገመግመው ይሄው ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከዚያ ሐይቁ ዳር የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላሁ። ጣት ያስቆረጥማል።

እየበላሁ እናቴ ደወለች። «ብርዱስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ጋቢውን ወደ ደሴ በሚሄድ ሰው ሳልክላት አልቀርም።